ሳንቆጥር ያለፍነው ቤት

ባለፈው ሰሞን ዓይኔን ልታይ ደሴ ሄጄ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ አንድ ልጅና አንዲት ልጅ ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸው ከሃያ ብዙም አይዘልም። ደጋው ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ስለሸፈነው ሾፌሩ በቀን መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ይነዳል፤ ተሳፋሪው ጋቢውንና ጃኬቱን ተከናንቦ ያንቀላፋል። እነሱ ግን በእጃቸው ያወራሉ። ልጁ አንድ ነገር ይላል፣ ልጅቱ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ትስቃለች፣ ደግሞ እሷ ትጀምራለች። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ረዳቱ እንኳ ሒሳብ ሲቀበላቸው አውራ ጣቱን አሳይቷቸው አለፈ፤ ለእሱ ምኑም አልነበረም። ዓይኔን ከእጃቸው መንቀል ያቃተኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው ሲያወራ ጆሮ ጥሎ ማዳመጥ ነውር ነው፤ በእጅ የሚወራውን ማየት ይብስ እንደሆነም እንጃ። ስለዚህ ምን እንደሚባባሉ አልነግራችሁም። አቀስታ ለምሳ ስንወርድ እነሱ ሽሮ አዘዙ፤ እኔ ግን ምግብ አላሰኘኝም፤ ልቤ ከመኪናው ቀድሞ መካነ ሰላም ገብቶ ነበር። ያውም ባጃጅ የሚርመሰመስባት፣ ሕንፃ በየጥጉ የሚበቅልባት የዛሬዋ መካነ ሰላም አይደለችም። የድሮዋ ናት።

ያኔ መብራት የጄኔሬተር ነበር። አመሻሽ ላይ ዱግ ዱግ ማለት ሲጀምር ከተማው ባንድ አፍ «መጣ!» ይላል። ቀን ቀን ከተማዋ የፈረስና የነፋስ ነበረች። ነፋሱ ከደጋው ወርዶ የባሕር ዛፉን ጫፍ እያጎነበሰ ያልፋል፤ የገበያ ቀን ደግሞ ከየገጠሩ የመጡት ፈረሶች ግንባራቸው ላይ ቀይ ክር እንደታሰረላቸው ተደርድረው ይቆማሉ። ሻይ በስሙኒ፣ ከነዳቦው በሽልንግ ነው። አባቴ ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበር። የእግር መኪናውን ከገበያው ጥግ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ አቁሞ ለዒድ የእስላሙን፣ ለጥምቀት የክርስቲያኑን ልብስ ይሰፋል። «ሁለቱ በዓላት የተቀራረቡ ዓመት ሞቴ ነው» ይል ነበር። ለወንዱ ቴትሮን ሱሪና ካኪ ኮት፣ ለሴቱ ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለው አበባማ ቀሚስ። በአፉ ውኃ እፍ ብሎ ጨርቁ ላይ ይረጭና የከሰል ካውያውን ሲያሳርፍበት የሚወጣው ሽታ፣ የእንፋሎቱ፣ የከሰሉ፣ የአዲሱ ጨርቅ፣ አሁን ይህን ስጽፍ አፍንጫዬ ሥር አለ። ዛሬ ልብሱ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ በካርቶን ታሽጎ ነው የሚመጣልን፤ ሽታም የለው።

ከበረንዳው ወደ ውስጥ የሚያስገባው በር ላይ ሰማያዊ መጋረጃ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ እህቴ ዘሀራ ነበረች። አራት ዓመቷ ላይ ማጅራት ገትር ይዟት፣ ነፍሷ ሲመለስ ጆሮዋ ሳይመለስ ቀረ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከእሷ ጋር የማወራው እኔ ነኝ፤ በእጅ። ማንም አላስተማረንም፤ ከልጅነት ጀምሮ ራሳችን እየፈጠርን ያጠራቀምነው ነው። ጣትን ትከሻ ላይ ማንጠባጠብ ዝናብ ነው። ጢም መዳሰስ አባባ ነው። እኔ መምህር ከሆንኩ በኋላ ደግሞ ስሜ ጠመኔ ሆነ፤ ሁለት ጣቶቿን አፋትጋ እፍ ትላለች፤ እንድሪስ ማለቷ ነው። የልብስ ጫፍ የምትዘመዝመው፣ የኮቱን የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራው እሷ ነበረች፤ ቀዳዳው ዙሪያውን ክሩ እንደ ጤፍ ፍሬ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ደንበኛው «የሰይድ እጅ ይባረክ» ሲል አባባ አቀርቅሮ ዝም ይላል።

አልታሰረችም፣ አልተራበችም፣ ክፉ ቃልም አልተናገርናትም። እንግዳ ሲመጣ ግን ከመጋረጃው ወዲያ ናት። «ልጅ ስንት አለህ?» ሲሉት አባባ «እንድሪስ አለኝ፤ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወሬ ይቀይራል። እኔም በተራዬ፣ አብረውኝ ከሚያስተምሩት ለአንዱ እንኳ እህት እንዳለችኝ አልነገርኩም። በዚያ ላይ የእህል ነጋዴውን የሐጂ ይማምን ልጅ፣ መዲናን፣ ወድጄ ሽማግሌ ልከን ነበር። መልሱ ገና አልመጣም። ያን ጊዜ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዘር ነው፤ «ደንቆሮ ያለበት ቤት ነው» የሚል ወሬ ሐጂ ጆሮ ቢደርስስ? ይህን አባባም አስቦታል፣ እኔም አስቤዋለሁ፤ አንድ ቀን ግን አፍ አውጥተን ተነጋግረንበት አናውቅም።

በዚህ መሐል ነው ከውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ ትመጣለች የተባለው። አንድ የረድኤት ድርጅት መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤታችን ውስጥ ክፍል ሊከፍት ፈልጎ አስተማሪዋን ልኳል። ዳይሬክተራችን ከረባት አሰረ፤ ተማሪዎች አበባ ያዙ፤ አውቶቡስ ተራ ሄደን ቆምን። አውቶቡሱ ከቀትር በኋላ አቧራውን እያቦነነ ደረሰ። ሰው ወረደ፣ ፍራሽ ወረደ፣ ከጣራው ላይ ፍየል ወረደ። ፈረንጅ የለም። መጨረሻ ላይ አንዲት ጠይም ረጅም ሴት፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወረደችና ፈገግ ብላ ቆመች።

«ፈረንጇስ?» አለው ዳይሬክተሩ ረዳቱን።

«ይቺው ናት» አለ ረዳቱ። «ከደሴ ጀምሮ ስናዋራት አትመልስም። ኩራተኛ ናት።»

ግሬስ ትባላለች፤ የመጣችው ከኡጋንዳ ነው። ያልመለሰችውም ከኩራት አልነበረም፤ ራሷም አትሰማም ነበር። ዳይሬክተሩ ይህን ሲረዳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ደንቆሮ የሚያስተምር ብለን ደንቆሮ ላኩልን እኮ!» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዘመኑ እንዲያ ነበር የሚናገረው። እኔ ግን ፈዝዤ ቀረሁ። እንደ ዘሀራ የማይሰማ ሰው ሻንጣ ይዞ፣ አገር አቋርጦ፣ ብቻውን ሲመጣ አይቼ አላውቅማ።

እንግሊዝኛ ስለምሞካክር አብሬያት የምሠራው እኔ ሆንኩ። ትልቅ ደብተር ነበራት፤ እሷ ትጽፋለች፣ እኔ ከሥሩ እመልሳለሁ። አዲስ አበባ ወራት ተቀምጣ የአገራችንን የምልክት ቋንቋ ተምራ ስለነበር እሱንም በየቀኑ ታስተምረኛለች። ብርዱ አሠቃያት። አገሯ ሙዝ እንደ ድንች ተቀቅሎ እንደሚበላ፣ ጋቢ የሚባል ነገር እንደማይታወቅ ነገረችኝ። ከሥራ በኋላ አውቶቡስ ተራው ጥግ እትዬ ወርቄ ሻይ ቤት እንቀመጣለን። እትዬ ወርቄ ማተቧን አንገቷ ላይ አስራ «ወላሂ» ሳትል ዓረፍተ ነገር የማትጨርስ ሴት ነበረች። ቴፗ ከትልቅ የእንጨት ሳጥን ጋር ተያይዞ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። ግሬስ አንድ ቀን ተነስታ መዳፏን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗን ጨፍና ቆየችና፣ «ይህኛው ከትናንቱ ይሻላል፤ የትናንቱ ችኩል ነው» ብላ ጻፈችልኝ። ሳነብላቸው ቤቱ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። «በእጇ ነው እንዴ የምትሰማው? አጃኢብ!» አለች እትዬ ወርቄ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግሬስ ስትገባ ደህና ደህናውን ካሴት ትመርጥላት ነበር።

እጄ ቶሎ ለመደ። ከሚገባው በላይ ቶሎ። ገና በሁለተኛው ሳምንት እያወራን ሳለ ዝናብ መጣና ሳላስበው ጣቶቼን ትከሻዬ ላይ አንጠባጠብኩ። ያን እሷ አላስተማረችኝም። ትክ ብላ አየችኝና ደብተሩን ሳበች። «ከዚህ በፊት ከማን ጋር ነው በእጅህ ያወራኸው?»

«ከማንም» ብዬ ጻፍኩ። የጻፍኩትን ደጋግማ አየችው።

ከዚያ ቤት ለቤት ልጆቹን መፈለግ ጀመርን። አንዱን ማድ ቤት፣ አንዷን ከከብት ጋር አገኘናቸው። አንዲት እናት፣ «ስሙን ይጽፋል ነው የምትሉኝ? የእኔ ልጅ?» ብላ የግሬስን ጉልበት ልትስም ወደቀች። በሦስት ቀን ስድስት ልጆች መዘገብን። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ የኛ ሰፈር ደረስን። የጎረቤታችንን ቤት ጠይቀን ወጣን፤ ቀጥሎ ያለው የኛ ነው። አባባ ለአስር ሶላት መስጊድ ሄዶ፣ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሷል። ግሬስ በእስክሪብቶዋ ወደ ቤታችን ጠቆመች። እኔ በእጄ፣ እህቴ አፍ በሰጠችው በዚህ እጄ፣ «ልብስ ሰፊ ነው። ልጅ የለም» አልኳት። ወዲያውም ፊቴን አዙሬ ወደፊት ተራመድኩ። ግሬስ ጥቂት ወደ ኋላ ቀረት ብላ ደረሰችብኝ፤ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ገብቶባት ይሆናል ብዬ ነው ያለፍኩት።

ክፍሉ በስድስት ልጆች ተከፈተ። የድሮ ዕቃ ቤት ነበር፤ አጽድተን ኖራ ቀባነው። በየቀኑ እነዚያ ልጆች እጃቸውን ሲያነሱ እያየሁ ቤቴ እገባለሁ፤ ዘሀራ መርፌዋን አስቀምጣ «ዛሬስ ምን ሠራህ?» ትለኛለች፤ እኔ «ያው ነው» እላታለሁ።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ቆየሁ። በገበያ ቀን ነው፣ ጠዋት፣ ሰዉ እንደ ጉንዳን ሲተራመስ። እኔ በረንዳው ላይ ለአባባ የደንበኛ ልክ እጽፋለሁ። ግሬስ ጫፉ የተተረተረ ቀሚስ በእጇ ይዛ መጣች። ደንግጬ ተነሳሁ። «ይሰፋልኛል?» አለችኝ በእጇ። «ይሰፋል፤ ተቀመጪ» አልኳት፤ እኔም በእጄ። ሁለት ሦስት ነገር እንደተባባልን ከጀርባዬ የመጋረጃው ቀለበት ሲንሸራተት ሰማሁ።

ዘሀራ ወጥታ ቆማለች። መርፌው ከነክሩ ጣቷ ላይ ነው። ያን ሁሉ ገበያተኛ አላየችም፤ የምታየው የግሬስን እጅ ብቻ ነው። በሕይወቷ ከቤታችን ሰው ሌላ በእጁ የሚያወራ አይታ የምታውቅ አልመሰለኝም። ቀረበችና የግሬስን ጣቶች ነካ አደረገቻቸው፤ የእውነት መሆናቸውን የምታረጋግጥ ይመስል። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሁለት ጣቶቿን አፋትጋ እፍ አለች፤ ደረቷንም ነካች። የኔ፤ ወንድሜ ነው።

ግሬስ ደብተሩን አውጥታ አንድ መስመር ጻፈች። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አምስት» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩን ዘጋች፤ ቀሚሱን መኪናው ላይ አስቀምጣ ሄደች። አባባ ዘሀራን በክንዷ ይዞ ወደ ውስጥ አስገባና መጋረጃውን ሳበው።

የሚሰማ ሰው ቢያኮርፍህ እየጮህክም ቢሆን ትታረቀዋለህ። የማይሰማ ሰው ሲቀየምህ የሚነሳህ ዓይኑን ነው፤ ከዚያ ወዲያ መግቢያ የለህም። ግሬስ በማግስቱም፣ በሣልስቱም ዓይኗን ነሳችኝ። እትዬ ወርቄ ቤት ብቻዬን ተቀምጬ ሻዩ ቀዘቀዘብኝ። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት አባባ ፊት ቆምኩ።

«አባባ፣ ዘሀራ ትምህርት ቤት ትግባ።»

«መኪና ቢመጣ አትሰማ፤ ፈረስ ቢፈነጭ አትሰማ። ገደልኳት ልበል?»

«እኔ እወስዳታለሁ፣ እኔ እመልሳታለሁ።»

«የሐጂ ይማምስ ነገር?» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአፉ አወጣው። ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ፣ አላህ ሲፈልገው፣ ሐጂ ይማም ራሳቸው የዒድ ኮታቸውን ሊወስዱ ከች አሉ። ኮቱን ለብሰው ቆለፉት፣ ፈቱት፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ሰይድ፣ ያችን ልጅ አሞብሃል እንዴ? ይኸኛው እንደ ወትሮዋ አይደለም፤ ክሩ ተዛብቷል።»

«የቷን ልጅ?» አለ አባባ።

«ዘሀራን ነዋ!»

አባባ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደው። «ሐጂ... ያውቋታል?»

«አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን! ባለቤቴ ‹ዘሀራ ትዘምዝመው በለው› ብላ አይደል ቀሚሷን የምትልከኝ? አንተ ካላነሳኸው እኛ በምን አፋችን እናንሳብህ? ነውር ነው ብለን ዝም አልን እንጂ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ስማ። ለሽማግሌዎችህ መልስ የዘገየብህ ለምን መሰለህ? የመዲና እናት ‹እህቱን የሚደብቅ ልጅ የእኔን ልጅ እንዴት ሊይዛት ነው?› ብላ ነው።»

ኮቱን ለብሰው ሄዱ። አባባ ሜትሩን ጠቀለለው፣ ፈታው፣ ደግሞ ጠቀለለው። «ወላሂ፣ ለእናንተ ብዬ ነበር» አለ፤ ለማን እንደሚናገር እንጃ።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ ያየሁት የተቆረጠ ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም። ደንበኛ ሲመጣ «ዛሬ ሥራ አለብኝ» እያለ መለሰ። ሲጨርስ ዘሀራን ጠርቶ አስለካት፤ የቁልፍ ቀዳዳዎቹን ግን ራሷ ሠራቻቸው። በሁለተኛው ቀን ነጭ ኮፍያውን ደፍቶ፣ እሷን በጥግ በኩል፣ ራሱን በመኪናው መንገድ በኩል አድርጎ፣ እጇን ይዞ በገበያው መሐል ይዟት ሄደ። እኔ ከኋላቸው ነኝ። «ደህና አደርክ ሰይድ!» ይላል ሰዉ፤ ቀጥሎም ለዘሀራ እጁን ያውለበልብላታል። እሷ ሳቋን መያዝ አቃታት። ስድስቱ ልጆች የተቀመጡበት ክፍል በር ላይ ስንደርስ አባባ ግሬስን አያትና፣ «አደራ በልልኝ» አለኝ። አደራን በእጅ እንዴት እንደሚሉት አላውቅም ነበር። ሁለት መዳፌን ጫጩት እንደያዘ ሰው ገጥሜ ወደ እሷ ዘረጋሁ። ግሬስ ከሥር በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ ያኔ ነው ዓይኗን የሰጠችኝ። ከዚያ መዝገቡን ገለጠች፤ እስክሪብቶውን ግን ለራሷ አልያዘችም፤ ለእኔ አቀበለችኝ። «ሰባት፤ ዘሀራ ሰይድ» ብዬ ጻፍኩ።

ግሬስ ሁለት ዓመት ቆይታ ሄደች። አባባ ወፍራም ካፖርት ሰፍቶ ሰጣት፤ አገሯ ሙቀት እንደሆነ ብንነግረውም አልሰማንም። ጥቂት ዓመት ተጻጻፍን፤ ከዚያ እንደ ብዙ ነገር ሁሉ ደብዳቤው ሳሳ፣ ሳሳና ጠፋ። እኔና መዲና ተጋባን፤ ሦስት ወለድን፤ ሦስቱም አፍ ሳይፈቱ በፊት በእጃቸው ከአክስታቸው ጋር ያወሩ ነበር። አባባ አለፈ፤ አላህ ይማረው፤ በረንዳው ላይ አሁን የሞባይል መጠገኛ አለ። ዘሀራ ያችን ክፍል ከረዳትነት ተነስታ ሃያ ምናምን ዓመት አስተማረችባት። ከወሎው ቦረና፣ ከወግዲ፣ ከለጋምቦ ስንት ልጅ በእጇ አለፈ። ባለፈው ዓመት፣ ጠጉሯ ሸበት ካለ በኋላ፣ አንድ ቀን መጥታ ወረቀት አሳየችኝ። በጎ ፈቃደኞች የሚልክ ማኅበር ተቀብሏታል፤ ማላዊ ልትሄድ ነው። «በዚህ ዕድሜሽ?» አልኳት። «ግሬስ ስትመጣ ወጣት ስለነበረች ነው እንዴ የፈለግናት?» አለችኝ። ሻንጣ ገዛሁላት።

ከደሴ በተመለስኩ በሳምንቱ፣ ጁምዓ ከሰዓት፣ ከማላዊ በስልክ ደወለች፤ በምስል ነው የምናወራው። ከኋላዋ የሣር ክዳን ቤትና የማንጎ ዛፍ ይታያል። እጇ ጠቁሯል፤ ጤነኛ ናት። ምልክታቸው ከኛ እንደሚለይ፣ ለመልመድ ሦስት ወር እንደፈጀባት ነገረችኝ። ቤት ለቤት እየዞረች ልጆች ትመዘግባለች።

«ልጅ የለም እያሉ አይመልሷችሁም?» አልኳት።

«ይመልሱናል። እኔ ግን የበሩን ሰው አላይም፤ የማየው መስኮት ነው። ግሬስም እንዲያ ነው ያገኘችኝ።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ በገበያ ቀን መጋረጃ ገልጠሽ የወጣሽው?»

ዘሀራ ፈገግ አለች። «ከዚያ በፊት ነው። ደብተር ይዛችሁ በቤታችን በኩል ያለፋችሁ ዕለት፤ በጎን ባለችው ትንሽ መስኮት እያየኋችሁ ነበር። አንተ ፊት ፊት ትሄድ ነበር። እሷ ቆመችና እጇን አነሳችልኝ። እኔም አነሳሁላት።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ግሬስ እትዬ ወርቄ ቤት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ሙዙ ስታጫውተኝ ታውቅ ነበር። እኔ እስክናገር ትጠብቅ ነበር። ያ ሁሉ ጊዜ የእኔ ነበር፤ አልተጠቀምኩበትም።

«ያ ቀሚስም» አለችኝ ዘሀራ፣ «የዘመዘምኩት እኔ ነኝ። አልተተረተረም። በመቀስ ነው የተቆረጠው።»

ሳቅኩ፤ ዓይኔም ሞላ። ዓይኔ እንዳመመኝ ታውቃለችና «መድኃኒቱን አድርግ» አለችኝ። ከወዲያ የሚሄዱበት መኪና ደርሷል መሰለኝ ወደ ኋላዋ ዞር ዞር ትላለች። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ጠየቅኳት።

«ታዲያ መስኮቱ ላይ ልጅ ስታዪ ምን ትያቸዋለሽ?»

እጇን አነሳች፤ እንዲሁ ከፍ አድርጋ ያዘችው። እኔም ከመካነ ሰላም አነሳሁላት።